ኒውትሮኑና የግዛው ፌሮ

መካኒሳ አቦ አካባቢ መምህር ኢያቄምን የማያውቅ የለም። ፊዚክስ ያስተምራል፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ ከተቀመጡ ደግሞ ሳይጠይቁት ያስረዳዎታል። ያስመታውም ይኸው ጠባዩ ነው።

በ1988 ዓ.ም. ለአስራ አንደኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና፣ ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ማግኔት ምንም አያደርገውም፣ እውነት ወይስ ሐሰት ብሎ ጠየቀ። ዝማሬ የምትባል ተማሪው እውነት አለች። መልሱ ሐሰት ነበር። በዚያች አንድ ነጥብ ወደቀች፤ ክፍሉን ልትደግም ሆነ።

ታላቅ ወንድሟ ግዛው ሥራው ፌራዮ ነው፤ እናት አባት የሌላትን ልጅ የሕንፃ ብረት እያጠፈ ነው ያስተማራት። መምህሩን ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጠብቆ፣ ነጥቧን ጨምርላት ብሎ ለመነው። ኢያቄም እንደ ልማዱ ማስረዳት ጀመረ። የኒውትሮን ቻርጅ ሲደመር ዜሮ ነው፤ ውስጡ ያሉት ኳርኮች ግን ቻርጅ አላቸው። ስለዚህ እሱ ራሱ ትንሽ ማግኔት ነው፤ ጉልበቱ ከቦታ ቦታ በሚለያይ ማግኔት መካከል ሲያልፍ መንገዱ ይጣመማል።

«እህቴን በዜሮ ነው የጣልካት?» አለና ግዛው ከጃኬቱ ስር የሚያጥፈውን ብረት፣ ፌሮውን መዘዘ። የመጀመሪያው ምት ክንዱን ሰበረው፤ ታክሲ የሚጠብቁት ሁሉ ሲቀጭ ሰምተዋል። ሲወድቅ ጎኑን ደገመው፤ ከዚያ ጀርባውን። ሰውየው እኮ ደም እየተፋም ማግኔትነቱ ግን ዜሮ አይደለም ይል ነበር አሉ።

የመምህሩ ክንድ በጀሶ ታስሮ ሳለ ቤቱ ሽማግሌ ገባ። ግዛው እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ እግሩ ስር ተደፋ። ኢያቄም ይቅር አለ፤ ክሱንም ተወ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ቱሉ ደስ ቢላቸው፣ በዚያው የልጅቷንም ነጥብ ደርበህ ተውላት አሉ። ዕርቅ መስሏቸው ነው እንግዲህ።

«ደሙ የኔ ነው፣ ትቼዋለሁ» አለ ኢያቄም። «ኒውትሮኑ ግን የኔ አይደለም፤ እንዴት አድርጌ ልተወው?»

ግዛው ከትከሻው ያላወረደውን ድንጋይ ፊቱ ላይ ለቀቀበት። መንጋጋው ተሰነጠቀ፤ ሁለት ጥርሱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ጋሽ ቱሉ ራሳቸው ዘለው ግዛውን አነቁት፤ እየደበደቡ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት።

ለዕርቁ ከወንድሟ ጋር የመጣችው ዝማሬ የመምህሩን ደም በነጠላዋ ትጠርጋለች። አንዱ ሽማግሌ፣ አሁንም ለምኚው እንጂ፣ ዓመትሽ ሊቃጠል ነው ቢሏት ቀና አለች።

«አባባ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቲቸርን ምን ብዬ ልለምን?»

መስከረም ላይ አስራ አንደኛን እንደገና ጀመረች፤ ግዛው ገና አልተፈታም ነበር።