ጭልፊቶቹ እስኪሞሉ

ልጅ ሳለሁ በቤታችን መቁጠር ያስፈራ ነበር። አያቴ ማታ ከብቶቻቸውን ሲያስገቡ እያንዳንዷን በስሟ ይጠሯት ነበር እንጂ ስንት እንደሆኑ አንድ ቀን እንኳ ተናግረው አያውቁም። እናቴም ስንት ልጆች እንዳሏት የጠየቃት እንግዳ ካለ «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ትልና ወሬ ትቀይራለች። የቤት ሰው ከተቆጠረ ይጎድላል ብለው ያምኑ ነበር። እኔ ደግሞ በጃንሆይ ጊዜ አንጋጫ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ የቤታችን ቋንቋ ባልሆነው በአማርኛ መቁጠር የተማርኩ ሰሞን ስለነበር፣ ያየሁትን ሁሉ ካልቆጠርኩ አፌን የሚያሳክከኝ ቅብጥብጥ ልጅ ነበርኩ።

አያቴ እንድቆጥር የፈቀዱልኝ ጭልፊቶቹን ብቻ ነው። ከመስቀል በኋላ ከሰሜን መጥተው በአምበሪቾ ተራራ በኩል ወደ ደቡብ ያልፋሉ፤ በመጋቢት በመጡበት ይመለሳሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ግን ወዲያው አይሻገሩም፤ ክንፋቸውን ዘርግተው ይዞራሉ፣ ደግሞ ይዞራሉ።

ለምን እንደሚዞሩ የነገሩን አያቴ ናቸው። ያኔ ማታ ማታ ምድጃውን ከብበን እንቀመጣለን፣ ከጀርባችን ከብቶቹ ያመነዥካሉ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል፣ እሳቸውም ፍሙን እየቆሰቆሱ ይተርካሉ። በድሮ ዘመን የጭልፊቶቹ አለቃ ቸኩሎ ሳይቆጥር መንጋውን አሻገረ፤ ማዶ ሲደርስ የገዛ ልጁ የለም። ተመልሶ ቢፈልግ፣ ቢጣራ አጣው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ካልሞሉ ተራራውን ላይሻገሩ ተማማሉ፤ የሚዞሩት እየተቆጠሩ ነው። እኔ ይህን ተረት ስሰማ እግሬ አያርፍልኝም ነበር፤ የቀረው ልጅ የት እንዳደረ ደጋግሜ እጠይቃለሁ።

በአንዱ ዓመት ታላቅ ወንድሜ ላምቤቦ ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር ወደ አዋሽ ዳር፣ ሸንኮራ ቆረጣ ወረደ። የሄደው ጭልፊቶቹ ወደ ደቡብ ባለፉበት ሰሞን ነው። ሲሰናበተኝ፣ እነሱ ሲመለሱ እኔም እመለሳለሁ አለኝ። በዚህ የተነሳ መጋቢት እስኪገባ ቁጭ ብዬ መብላት አቃተኝ፤ ቆጮዬን ይዤ እየወጣሁ ሰማይ ሰማዩን ሳይ እናቴ ትቆጣኛለች።

መጋቢት ሲገባ አያቴ ይዘውኝ አምበሪቾ ወጡ። ዓይናቸው ስለደከመ እኔ አያለሁ፣ እሳቸው ያዳምጣሉ። ጫፉ ላይ ነፋሱ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ይታገላል፤ ከእግራችን በታች እንሰቱና ጎጆው በጉም ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል። ጭልፊቶቹ መጡ፤ በመሀላቸው ንስሮችም ነበሩ። በአማርኛ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፣ ሲደባለቁብኝ እንደገና ጀመርኩ። አያቴ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሉኛል። ሲዞሩ ቆይተው በድንገት ተሰልፈው ወደ ሰሜን ነጎዱ።

«ሞሉ?» አሉኝ አያቴ።

«ሞልተው ሄዱ» አልኩና ቁልቁለቱን እሮጥ ጀመር። ላምቤቦ ቤት ደርሶ እንደሚጠብቀኝ አልተጠራጠርኩም።

አልነበረም። በማግስቱም አልመጣም። በሬዎቹን የሚጠምድ ጠፍቶ አባቴ ጎረቤት ለመነ፤ አያቴ ማታ ማታ ተረት መንገር ተዉ፤ እኔም በር በተንኳኳ ቁጥር እየዘለልኩ የምነሳ ሆንኩ። ዝናቡ ሲጠነክር ከጓደኞቹ አንዱ ብቻውን መጣ። በብብቱ የላምቤቦን ጋቢ ይዟል። ወባ ነው አለ፣ እዚያው ቀበርነው አለ።

ልቅሶው አብቅቶ ለቀስተኛው የተበተነ ዕለት፣ አያቴ ጋቢውን አጣጥፈው ላምቤቦ ይቀመጥበት በነበረው የእንጨት ዱካ ላይ አኖሩት። እኛ ልጆቹ እንደ ወትሮው ምድጃውን ከብበናል። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው የትንሿን እህቴን ራስ ነኩ።

«አንድ» አሉ በአማርኛ፣ ተራራው ላይ ከእኔ በሰሙት ቁጥር።

እናቴ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። አያቴ አላቆሙም። ታናሽ ወንድሜን ነክተው ሁለት፣ እኔን ነክተው ሦስት አሉ። ከዚያ ጋቢው ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«አራት። ሞልተዋል» አሉ።

ዛሬ የምኖረው ሆሳዕና ነው፤ አያቴም እናቴም የሉም። መጋቢት ሲገባ አሁንም መቀመጥ ያቅተኛል፤ ሥራዬን ትቼ በረንዳ እወጣለሁ፣ ጎረቤቶቼም ምን ጠፋብሽ እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም እንደ እናቴ የራሴን ልጆች ጮክ ብዬ አልቆጥርም። ወንድምና እህት ስንት ናችሁ ያለኝ ሰው ግን መልሴን ወዲያው ያገኛል፤ አራት እላለሁ። የቀረነው ሦስት መሆናችን ጠፍቶኝ አይደለም። አያቴ አራት ብለው ቆጥረዋል።