ማን ብዬ ላልቅስ?

በጉም የራሰው የሱፍ ባና ሲሸተኝ ከማዘጋጀው አጭር ፊልም ቀረጻ ወጥቼ ልጅነቴ ውስጥ ገባሁ።

መሐል ሜዳ ከተማ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን በተዋሱት ካሜራ ድራማ ሲቀርጹን ሟቹ እኔ ነበርኩ። ባና ተከናንቤ ተጋደምኩ፤ ልጆቹ በገዛ ስሜ እየጠሩ አለቀሱልኝ። ለቅሶውን የሰሙ አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ከፈረሳቸው ወርደው፣ እሳቸውም ስሜን እየጠሩ ተንሰቀሰቁ።

መምህሩ ደንግጠው "አባባ፣ ጨዋታ ነው እኮ!" አሏቸው። እኔም ባናውን ገልጬ ብድግ አልኩ።

ሽማግሌው አልሳቁም። ትክ ብለው አዩኝና "እንባዬን እንደሆነ አልመልሰውም፤ ላንተው ይቀመጥልህ" ብለውኝ ሄዱ።

ዛሬ ቀረጻ ልንጀምር ስንል አልቃሽ የሆነችው ተዋናይ "ማን ብዬ ላልቅስ?" አለችኝ።

ባናው ስር የተጋደመውን ተዋናይ አየሁት።

"የኔን ስም ጥሪ" አልኳት። "ለኔ ድሮ ተለቅሷል።"