ቃሬዛ የምትጭነው ሄሊኮፕተር

እህቴ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመን ከተራራው ወደ ቢስቲማ ከተማ አወረድናት። እዚያ ወደ ደሴ የሚሄድ አይሱዙ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀን ነበር። ያን ቀን ጠዋት ግን ሜዳው ላይ ሄሊኮፕተር አርፋለች።

ደርግ ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ዘመን የሄሊኮፕተር ድምፅ ሲሰማ ቦምብ ፈርቶ ወደ ገደል ይሮጥ የነበረው ሕዝብ አሁን ከቧት ያጨበጭባል። ባለሥልጣናት ልማት ሊጎበኙ ከኮምቦልቻ መጥተውባታል። አንድ የጦር መኮንን ድምፅ ማጉያ ጨብጦ እንደ ጫት ነጋዴ ያሞጋግሳታል። አዲስ ናት፤ ሁለት ሞተር አላት፤ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ቤቷ ትገባለች። መንገድ አትፈልግም። ወንበሯ ሲነሳ ቃሬዛ በቃሬዛ ላይ ተደርቦ ይጫንባታል። ከዚህ የተሳፈረ በሽተኛ ላቡ ሳይደርቅ ኮምቦልቻ ይደርሳል፣ አለ።

አባቴ የቅሬያችን ዳኛ ነበር። ቅሬ ሐዘንና ችግር ሲመጣ የምንረዳዳበት ማኅበራችን ነው። በቅሬ፣ ችግረኛ ፊት ቆሞ «ጠንካራ በቅሎ አለችኝ» ያለ ሰው በቅሎዋን ሰጠ ማለት ነው። ለጉራ ብቻ ንብረቱን የሚዘረዝር ሰው አባቴ በዕድሜው አላየም።

«ከትከሻችሁ አውርዷት» አለን። «ሰውየው ቃሬዛዋን እያየ እኮ ነው የተናገረው። ወላሂ፣ አላህ ነው ያመጣልን።»

አይሱዙውን አሰናበተው።

ንግግሩ ቀጠለ፤ ከንግግሩ በኋላ ምሳ ሆነ። እህቴ ግራር ሥር ተኝታ ጥርሷን ነክሳ ትጠብቃለች። እንግዶቹ ሲነሱ በስጦታ የተሰጧቸው ሙክቶች ቀድመው ተጫኑ። እኛም ቃሬዛችንን አንስተን ከሙክቶቹ ኋላ ተሰለፍን። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

«ወዴት ነው?» አለ መኮንኑ።

«ጌታው፣ በሕዝብ ፊት የሰጡንን ልንቀበል ነዋ» አለው አባቴ።

መኮንኑ ከልቡ ሳቀ። «አባት፣ እኔ የተናገርኩት ስለ አቅሟ ነው። ያለ ትእዛዝ ሰው አልጭንም። ይልቅ ዞር በሉ፣ ነፋሱ ይጥላችኋል።»

ሄሊኮፕተሯ ስትነሳ ነፋሱ እህቴ የለበሰችውን ጋቢ ገፎ ወሰደው። እኔ ጋቢውን ሳባርር እሷ አቧራ እየበላች «ኧረ ሸፍኑኝ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ምንም ስትናገር አልሰማኋትም።

ሌላ መኪና ያገኘነው ወደ ማታ ነው። ደሴ ሆስፒታል በር ላይ ስንደርስ አልፋ ነበር፤ ልጁም በሆዷ። ጠዋት ቢስቲማ እንደነበርን የሰማው ወጣት ሐኪም አባቴ ላይ አፈጠጠ።

«ታዲያ ምን ስታደርጉ ዋላችሁ?»

«እንግዳ ስንሸኝ» አለ አባቴ።

«እንግዳ? ልጅዎን የገደሏት እርስዎ ነዎት!» ብሎ በረንዳ ሙሉ ሰው እየሰማ ጮኸበት።

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። የሰው ጉራ አምኖ ሄሊኮፕተር ሲጠብቅ ዋለ ከሚባል፣ ልጁን ገደለ መባል ቀሎት ነበር።