አትንቀሳቀሱ፣ ሲዲው አይበቃንም

ከመካነ ሰላም የወጣሁ ዕለት እናቴ አላለቀሰችም። ሱብሒ ተሰግዶ ገና አልነጋም፤ የጭነት መኪናው ገበያው ጥግ ቆሞ ሞተሩን ያሞቃል። በሶ የቋጠረችበትን ፌስታል እጄ ላይ አደረገችና እጄን ሳትለቅ እንዲህ አለችኝ፦

"ደረስሁ ብለህ በስልክ ብትነግረኝ አላምንም። ወንድምህንም ደርሷል ያሉኝ በስልክ ነው።"

"እና ምን ላድርግ እማዬ?"

"ስትንቀሳቀስ ልይህ። ፎቶ አልልህም። እንደ ሠርግ ቤቱ አርገህ ተቀርጸህ ላክልኝ።"

ታላቅ ወንድሜ አህመድ ከኔ በፊት በዚያው መንገድ ሄዷል። ድምፁን የማናውቀው አንድ ሰው ደውሎ "አብሽሩ፣ በሰላም ገብቷል" አለን፤ በግ አርደን ዱዓ አደረግን። ጀልባዋ ግን ማዶ አልደረሰችም። ያንን የሰማነው ብዙ ቆይቶ፣ ከዚያው ጀልባ በዋና ከተረፈ የወረኢሉ ልጅ ነው። የደወለው ሰው ማን እንደነበረ፣ ለምን እንደዋሸን እስከ ዛሬ አናውቅም። ከዚያ ወዲህ እናቴ በስልክ የመጣ ወሬ አይገባላትም።

እንደ ሠርግ ቤቱ ማለቷ፣ እኔ መካነ ሰላም ውስጥ ቪዲዮ ቤት ስለነበረኝ ነው። ሠርግ እቀርጻለሁ፤ የቀረጽሁትን መብራት ባለ ቀን ከካሴት ወደ ሲዲ እገለብጣለሁ። ሰው ሲሞትና ለቤተሰቡ ፎቶው ብቻ ሲቀር ደግሞ፣ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ አድርጌ፣ የተቀዳ ድምፅ ካለ አብሬ አስገብቼ መታሰቢያ እሠራ ነበር። ለአህመድም ሠርቻለሁ። ፊቱ ቆሞ ድምፁ የሚያወራበትን ያን ሲዲ እናቴ አንዴ አይታ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ለምን ሄድህ ለምትሉኝ፣ ሰፈራችን ውስጥ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰው ቤት ሁሉ ዓረብ አገር ልጅ ያለው ነው። የኛ ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፤ ጀግና ሆኜ ተሻገርሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ከሎጊያ በረሃ ጀምሮ የያዘኝ ፍርሃት ሳይለቀኝ ጅቡቲ፣ ኦቦክ ባሕር ዳር ደረስሁ። አህመድ እዚህ ቆሞ ምን አስቦ ይሆን አልሁ። ጀልባዋ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተቆላልፈን ተቀመጥን፤ ደላላው ዱላውን ይዞ ከጫፍ ቆሞ "ማንም እንዳይንቀሳቀስ፤ ከተንቀሳቀሳችሁ እንገለበጣለን" ይላል። አጠገቤ ያለው ሰው ሲያስመልሰው እንኳ አንገቱን አላዞረም። የመን ገብተን፣ በድንበሩ ከተማ በሐረድ አድርገን ተራራ ለተራራ ሳዑዲ፣ ጂዛን ወርደን፣ ጂዳ በሽንኩርት መኪና ተሸፍኜ ገባሁ።

የጂዳ ሙቀት እንደኛ አገር የበጋ ፀሐይ እንዳይመስላችሁ። የኛ ፀሐይ ጥላ ስትገቡ ትተዋችኋለች፤ የዚህኛው ቤት ድረስ ተከትሎ ይገባል። ብርድ ልብስ ደርቤ የምተኛ የደጋ ሰው እርጥብ ፎጣ ደረቴ ላይ አድርጌ መተኛት ጀመርሁ። ምግቡ ሁሉ ለስላሳ ነው፤ ጥርሴ የገብስ ቆሎ ናፈቀው። ሰላምታቸው እንደኛው ሰላሙ አለይኩም ነው። ወረቀት ለሌለው ሰው ግን ሰላም ያለው ሁሉ ኢቃማህን አሳየኝ ሊለው የመጣ ይመስለዋል። ኢቃማ ማለት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ነው። እሱ የሌለው ሰው ሹርጣ፣ ፖሊሳቸውን፣ ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ መኪና ቤቱ ደጃፍ ሲቆም ትንፋሹን ይይዛል።

ሳሊም የሚባል የመናዊ ፊልም እያባዛ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ ከጀርባው ባለች ክፍል ውስጥ ቀጠረኝ። ቪዲዮ መጭመቅ በደንብ የተማርሁት እዚያ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ምስል ሙሉ በሙሉ አይጽፍም፤ ካለፈችው ምስል የተለወጠውን ብቻ ነው የሚጽፈው። ባዶ ግድግዳ ስለማይለወጥ ቦታ አይወስድም። የሚጨፍር ሰው ግን ሁሌ ስለሚለወጥ ሲዲውን ይበላዋል። ቦታው ሲጠበው ማሽኑ ያሳጥራል፤ ያን ጊዜ ፊት ወደ አራት ማዕዘን ጠቃጠቆ ይለወጣል፣ ወይም ካለበት ደርቆ ይቀራል። ሙያው እንግዲህ የት እንደሚሰጡና ከየት እንደሚቆጥቡ ማወቅ ነው።

የምኖረው ከአገር ልጆች ጋር በአንድ ቤት ነበር፤ ከቤታችን ወረቀት የነበረው የኩታበሩ ሙሄ ብቻ ነው። አገር ሊገባ ሲነሳ እናቴ ያለችኝን ነገርሁት።

"እወስድልሃለሁ፤ ግን አንድ ሲዲ ብቻ" አለኝ።

"ሁለት ቢሆን ምን ይልሃል?"

"ኤርፖርት ምንድን ነው ካሉኝ ሠርጌ ነው እላለሁ። ሁለት ከሆነ የማን ሠርግ ነው ልበል?"

ወሬው ሲሰማ የቤቱም የሰፈሩም አገር ልጅ ሁሉ መልእክት አለኝ አለ። በኮንትራት ሰው ቤት የምትሠራው፣ ወረኢሉ እናት ያላት ከድጃ፣ ቦረና ልጆቹን የተወ አባት፣ ስንቱ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ ለራሴ ብቻ ቀርጬ ብልክ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? የሳሊምን ካሜራ ለምኜ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሬ፣ አንድ በአንድ ፊቱ አስቀመጥኋቸው። "አትንቀሳቀሱ፣ ሲዲው አይበቃንም። እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አርጉ፣ በአፋችሁ ብቻ አውሩ" እላለሁ። ከድጃ አበባ የበዛበት ቀሚሷን ለብሳ መጣች።

"ይህን ቀይሪው፤ አበባው ቦታ ይወስዳል" አልኋት።

"አበባ ደሞ ምን ይወስዳል? ይኸው ቀሚሴ ላይ ነው ያለው፤ የትም አልሄደም።"

አጉረምርማ ጥቁር አባያ ለብሳ ተመለሰች። መሃል ላይ በሩ ተንኳኳና ሁላችንም ባለንበት ደረቅን። አከራያችን ነበር። አንሶላውን አየ፣ በር ላይ የተከመረውን ጫማ አየ።

"ስንት ሰው ነው የምትኖሩት?"

"ሁለት ነን፤ እኔና ሙሄ።"

"ለሁለት ሰው እግራችሁ በዝቷል።"

"እንግዳ መጥቶብን ነው፤ እንሸኛቸዋለን።"

"እኔ ካየኋቸው ሹርጣም ያያቸዋል" አለና ሚስማር ለመታሁበት ግድግዳ ተቆጥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ የቀረጽናቸው ሰዎች እንዳይንቀሳቀሱ መንገር አላስፈለገኝም።

እንደኛ አገር ወግ ባለቤት ከእንግዳው በኋላ ነው የሚበላ። ሲዲውንም እንደዚያ አከፋፈልሁት። ልጆቹን ለተወው አባት ሰፋ አደረግሁ፤ ከድጃ ስታለቅስ ፊቷ እንዳይበላሽ ጨመርሁላት። የኔ ተራ ሲደርስ ሲዲው ሞልቶ ስለነበር በተረፈችው ጠባብ ቦታ ራሴን ጨምቄ አስገባሁ። ሳሊም ሱቅ ባለው አሮጌ ማጫወቻ ስሞክረው የሰዎቹ ሁሉ ጥሩ ወጣ። የኔ ሊጀምር ሲል ጎዳናው ላይ ሹርጣ ገባ ተባለ፤ ሲዲውን መንጭቄ በጓሮ በር ወጣሁ። በማግስቱ ሙሄ በየቤተሰቡ ሊያዞረው ይዞት ሄደ።

ቤተሰቤ ጋ ደርሷል በተባለ ሰሞን ከስልክ ቤት ደወልሁ። ስልኩን ያነሳችው ታናሽ እህቴ ፋጡማ ናት። ድምፄን ስትሰማ ጮኸች።

"ሰይዶ፣ አንተ ነህ? ወላሂ በል።"

"ወላሂ እኔ ነኝ። ምን ሆናችሁ?"

እያለቀሰች ነገረችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ማጫወቻ ያለበት ቤት ተሰብስቦ የሰዎቹን መልእክት ሲያይ፣ ሲስቅ፣ ሲያለቅስ ቆየ። በመጨረሻ እኔ መጣሁ። ነጭ አንሶላ ከኋላዬ፣ ፊቴ አንድ ቦታ ቆሞ፣ ከንፈሬ ሳይላወስ ድምፄ ብቻ ያወራል። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"ይህ ለአህመድ የሠራው ዓይነት ነው አለች። ጓደኞቹ ከፎቶ ሠርተው ነው የላኩልኝ፤ ልጄ ሞቷል አለች። ሙሄ ደህና ነው ብሎ ቢምልም አላመነችው፤ ሐዘን ተቀምጣለች ሰይዶ።"

"ስጫት ስልኩን።"

"አልመጣም አለች። ድምፅ የሚያስመስል አይጠፋም አለች።"

ስልክ ቤቱ ውስጥ ቁጭ አልሁ። በሕይወት እያለሁ በገዛ ሙያዬ እናቴ ፊት ሞትሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የያዘኝ ፍርሃት እንደ ድሮው አልነበረም። ዛሬ ተይዤ አንዱ እስር ቤት ብጠፋ፣ ዛሬ አንድ ነገር ብሆን፣ እናቴ ያመነችው እንዳመነች ይቀራል። መንገድ ስሻገር እንኳ የምፈራው ለራሴ ሳይሆን ያ ሲዲ እውነት ሆኖ እንዳይቀር ነበር።

ሁለተኛውን ለብቻዬ ሠራሁት። ከድጃ ኮንትራቷን ጨርሳ አገር ልትገባ ነበርና እሷ ልትወስደው ተስማማን። ሙሉ ሲዲ ለጥቂት ደቂቃ፤ እንደዚያ ያለ ብክነት ሳሊም ቢያይ ያብድ ነበር። አንሶላውን አወረድሁ። ካሜራውን የዘይት ጣሳ ላይ አስቀምጬ ፊቱ ተንቀሳቀስሁ፤ ውዱእ አደረግሁ፣ ሻይ ቀድቼ ጠጣሁ፣ ዳቦ ቆርሼ አላመጥሁ፣ ክፍሏን ዞርሁ፣ ሳቅሁ። "እማዬ፣ ፎቶ ሻይ አይጠጣም" አልኋት። መሃል ላይ ውጭ መኪና ቆሞ ነበር፤ ሲሄድ ቀጠልሁ። ኮምፒውተሩንም ሁለት ዙር አስኬድሁት። በመጀመሪያው ዙር እንቅስቃሴው የት እንደሚበዛ ይለካል፣ በሁለተኛው ቦታውን እንደየድርሻው ይሰጣል። ከእጄ የሚንጠባጠበው ውሃ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ያየሁት ግን ከንፈሬን ብቻ ነው፣ መላወሱን።

ከድጃ ከሄደች በኋላ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። በዚያ መሃል ፍተሻ በዛ፤ ከቤታችን ሁለት ልጆች ተያዙ፣ ልብሳቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። አንድ ቀን ከሥራ በፊት ስልክ ቤት ገብቼ ደወልሁ። ፋጡማ "ቆይ" አለች፤ ሌላ ትንፋሽ ሰማሁ።

"ሰይዶ።"

"እማዬ። አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩም ሰላም የኔ አባት። አየሁህ። ሻዩን ስትውጥ ጉሮሮህ ሲወርድ ሁሉ አየሁህ። አልሀምዱሊላህ።"

አለቀስሁ፤ አላፍርበትም። ከዚያች የመስታወት ክፍል ውጭ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች እያዩኝ አለቀስሁ።

"አሁን አመንሽ?"

"አመንሁ። ደጋግመሽ ክፈችልኝ እያልሁ ፋጡማን አሰለቸኋት። ያ የመጀመሪያው ፊትህን አያሳይም ነበር። ይኸኛው ሁሉን ያሳያል። አንድ ነገር ልጠይቅህ።"

"ጠይቂኝ።"

"ሻዩን ስትቀዳ በሩን አየህ። ዳቦውን ስትቆርስ አየኸው። ፎቶ ሻይ አይጠጣም ብለህ ስትስቅልኝም በሩን እያየህ ነው። በሩ ላይ ማን አለ ልጄ?"

"ማንም የለም እማዬ። ጎረቤት ነው የሚገባው።"

"ጎረቤት እንደዚያ አይታይም።"

ጎዳናው ላይ መኪና ቆመ፣ የመኪናው በር ተከፍቶ ተዘጋ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ወደ ስልክ ቤቱ በር ዞር አልሁ።

"አሁንም አየኸው" አለችኝ።