በሰሊጥ ፍሬ የለካሁት ጥርስ

በደርግ ዘመን መተማ ጤና ጣቢያ ረዳት ሆኜ ስሠራ ለጥርስ የነበረኝ ዕቃ መንቀያ ጉጠትና ጥጥ ብቻ ነበር። ሰው የሚመጣው ጉንጩ ካበጠ በኋላ ስለሆነ ጉጠቱ አያንስም። የልጄ ጥርስ ግን ገና ሳያማት ታየኝ።

በቀኝ በኩል አዲስ የበቀለው መንጋጋዋ ነው፤ ዕድሜ ልኳን የምታኝክበት። በጥጥ ሳደርቀው ድዱ ሥር ኖራ የመሰለ ነጭ ነጥብ ብቅ ይላል፤ ምራቅ ሲነካው ይጠፋል። የጥርሱ ማዕድን እየሟሟ መውጣት ጀምሯል ማለት ነው። ገና ስላልተቦረቦረ፣ ከጣፋጭ ካረፈ ምራቋ ራሱ መልሶ ይጠግነዋል። ለእናቷ ስነግራት፣

“ሰዉ በወባ እየረገፈ አንተ ነጭ ጥርስ ታክማለህ? የባሰ አታምጣ በል” አለችኝ።

ተናደድኩ።

መለኪያ ስላጣሁ በሰሊጥ ለካሁት። አንዲት ፍሬ በረጠበ የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ለጥፌ ነጥቡ አጠገብ እይዛለሁ። መጀመሪያ ፍሬዋን ያህል ነበር። ስኳር ከለከልኳት፤ መፋቂያ ከእጇ አይለይ አልኩ። በጋውን እሑድ እሑድ በር ላይ ተቀምጣ አፏን ትከፍትልኛለች። ቀስ እያለ የፍሬዋ ግማሽ ሆነ። ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት ጎረቤት ሁሉ እየጠራሁ አሳየሁ፤ ሳቁብኝ።

ክረምት ሲገባ ወባ ጣላት። የወባው ክኒን ክሎሮኪን ሬት ነው፤ ሰጠኋት፣ አስመለሰችው። ደግሜ ሰጠኋት፣ አሁንም አስመለሰችው። የሚወጋው መድኃኒት ከጣቢያው አልቋል። በኛ ቆላ ልጅ ክኒን የሚውጠው ከድንበር ማዶ ከገላባት የተሻገረ የስኳር አንኳር ጉንጩ ውስጥ ተወትፎለት ነው። ስኳር ከልካዩ እኔው አንኳሩን በእጄ ሰበርኩ።

“አባዬ፣ ጥርሴስ?” አለች እየተንቀጠቀጠች።

“በግራ ጉንጭሽ ያዢው” አልኳት። የቀኙ ይረፍ ብዬ ነው።

ክኒኑ ረጋላት። ትኩሳቱ ግን እየሄደ እየተመለሰ ክረምቱን አብሮን ከረመ፤ በተመለሰ ቁጥር ስኳሩን በግራ ጉንጯ እንደያዘች እንቅልፍ ይወስዳታል። ልቀስቅሳትና አፏን ላጉመጥምጣት እላለሁ፤ ፊቷን ሳይ እተወዋለሁ።

መስከረም ላይ ዳነች። በር ላይ አስቀምጬ ቀኙን አየሁ፤ ነጥቡ አልጨመረም። እናቷ እንኳ “ተመስገን” አለች።

ከዚያ የግራውን መንጋጋ አደረቅሁት። ድዱን ተከትሎ ዙሪያውን ነጭ ሆኗል። የነጩን መሀል በስፌት መርፌ ጫፍ ነካ አደረግሁት፤ መርፌው ገባ።