በሩን የዘጋችው ሴትና የእኔ ቀይ እስክሪብቶ

ብዙ የደከማችሁበት ሰው ምስጋናውን ይዞ ሌላ ሰው ዘንድ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንጀታችሁ እያረረ ፊታችሁ ፈገግ ብሎስ ያውቃል? እኔን ባለፈው ዓመት ገጥሞኛል፤ ያውም በቪዲዮ ጌም የተነሳ።

ንፋስ መውጫ አማርኛ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤታችንን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ያቋቋምሁት እኔ ነኝ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስድስት ሰባት ተማሪ ይመጣል። ከመካከላቸው አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ስትናገር ድምጿ የማይሰማ፣ ስትጽፍ ግን የምታስደነግጥ። ያለኝን መጽሐፍ ሁሉ ለእሷ አውሼአለሁ። በወላጆች በዓል አንድ ተማሪ የጻፈውን ያነባል፤ ያገዘው መምህርም አብሮት መድረክ ላይ ይወጣል። እሷ እንድታነብ፣ እኔም አጠገቧ እንድቆም እፈልግ ነበር። ከሁለቱ የትኛውን አብልጬ እንደምፈልግ ራሴን አልጠየቅሁም።

ሁለተኛው መንፈቅ ላይ የአይሲቲ መምህሩ ላፕቶፑን ይዞ ክበባችን ገባ። ይህ ሰው ኮሌጅ ሳይገባ በፊት ልጅነቱን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያሳለፈ፣ ድጓ ወደሚመሰከርበት ቤተ ልሔም ድረስ ሄዶ የተማረ ነው። ሁለት ጌሞች አመጣና ግድግዳው ላይ አበራቸው። የሁለቱም ዋና ገጸ ባሕርይ ሴት ናት።

አንደኛዋ የጦር አለቃ ናት። ጠላት ከኋላ እየመጣ፣ ሸሽቶ የመጣ ሕዝብ ከከተማዋ በር ላይ ይጮኻል፤ የገዛ ወንድሟም ከእነሱ ጋር አለ። በሩን ታስዘጋዋለች። ሁለተኛዋ መድኃኒት ቀማሚ ናት። ወረርሽኝ በገባበት መንደር ያላት መድኃኒት ለሁሉም ስለማይበቃ ለልጆቹ እውነተኛውን፣ ለሽማግሌዎቹ ቀለም የገባበት ውኃ ትሰጣለች፤ ሽማግሌዎቹም ይመርቋታል።

የሚጫወተው ልጅ በሩ ጋ ሲደርስ ክፍሉ ተደበላለቀ።

«ዝጋው! ምን ትጠብቃለህ?»

«ወንድሟ እኮ ነው፣ አንተ ልብ የለህም?»

«ያንተ ወንድም ቢሆን ራስህ ትገፈትረው ነበር!»

እኔ በሥርዓት ማስረዳት ስለምወድ ተነሥቼ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልሁት። በአንድ ወገን «በጎ ሥራ»፣ በሌላው «ክፉ ሥራ» ብዬ ጻፍሁ። የጦር አለቃዋ የሠራችውን በግልጽ ስለሠራች ትሻላለች፤ ቀማሚዋ ግን ዋሽታለች አልሁ። ተማሪዎቹ በትሕትና ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። ቀጥሎ የአይሲቲ መምህሩ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጻሕፍት ሲተረጎሙ ሰምታችኋል?» አለ። «መምህሩ አንዱን ፍቺ ተናግሮ ሲጨርስ ‹አንድም› ብሎ ሌላውን ያመጣል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አያፈርሰውም። እስቲ ይህችን ሴትዮ እንደዚያ ፍቷት።»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከክፍሉ የወጣ የለም። በቀጣዩ ሳምንት ሃያ ተማሪ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ትንሽ ዘግይቼ ስገባ ሳቁ ቀጥ አለ፤ ሁሉም ዝም ብለው ወደ ደብተራቸው አቀረቀሩ። ያ ዝምታ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ውስጥ የልጅቱን ደብተር በእሱ ጠረጴዛ ላይ አየሁት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ስለ ሁለቱ ሴቶች የጻፈችው ነዋ። አላሳየችሽም እንዴ?»

«ታሳየኛለች» አልሁ። «አሁን ሥራ በዝቶባታል።»

በማግስቱ አሳየችኝ፤ ሁለተኛ አንባቢ ሆኜ ማለት ነው። ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ለጦር አለቃዋ ሁለት ምክንያት ሰጥታታለች፦ አንድ፣ ከተማዋን ለማዳን ብላ ዘጋች፤ አንድም፣ ሕዝቡ ከእሷ ይልቅ ወንድሟን ስለሚወድ ቀንታ ዘጋች። ሁለተኛውን አንቀጽ ከላይ እስከ ታች ሰረዝሁና ከጎኑ «ተቃራኒ ሐሳብ ነው። ከጌሙም ማስረጃ የለውም። አቋምሽን ግለጪ» ብዬ ጻፍሁ። እኔ የእስቴ አገር ልጅ ነኝ፤ አንድም እየተባለ ሲተረጎም እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ከቅዳሴ በኋላ ስሰማው ጥበብ የምለውን፣ ደብተር ላይ ሳየው ስሕተት አልሁት። የዚያኑ ዕለት ለበዓሉ የሚያነበውን የምመለምልበት ወረቀት ላይ በእሷ ፈንታ የሌላ ተማሪ ስም አስገባሁ።

ልጅቱ በእረፍት ሰዓት ደብተሯን ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ የሰረዙትን ላውጣው?»

«አውጪው።»

«ካወጣሁት ግን ሴትዮዋ ጻድቅ ሆነች።»

«ጻድቅ ብትሆን ምን አለበት?»

«ጻድቅ ከሆነች አታሳዝነኝም።»

ማስረጃውስ የታለ አልኋት። ድምጿን እንደ ልማዷ ዝቅ አድርጋ፣ «ጌሙ ላይ ሴትዮዋ ገበያው ውስጥ ስታልፍ አላዩም? ሰዎቹ ስለ ወንድሟ እያወሩ ይስቃሉ። እሷ ስትደርስ ዝም ይላሉ» አለችኝ።

ያንን ቦታ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ዝምታውን ግን አላስተዋልሁትም ነበር። ሰው ማስተማር እንጂ መነበብ አልለመድሁም፤ ልጅቱ ሳታውቀው እኔን የጻፈችኝ መሰለኝ። ደብተሩን ተቀብያት ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው፣ አሁን እንደ አንባቢ፣ አነበብሁት። ስለ ቀማሚዋ የጻፈችው እኔ ሰሌዳ ላይ ካሰፈርሁት ሁሉ ይበልጥ ነበር፦ «የጦር አለቃዋ ሰው ሁሉ እያየ ስለሠራችው ማንም አልጠየቃትም። ቀማሚዋ ግን ተደብቃ ስለሠራችው ራሷን ስትጠይቅ ትኖራለች።»

የሰረዝሁት አንቀጽ ጎን «ይቆይ» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቴንም አስተካከልሁት። አንባቢ፦ እሷ። ያገዛት መምህር በሚለው ላይ የእኔን ስም ጽፌ ብዙ አየሁት። ከዚያ ሰርዤ የእሱን ጻፍሁ።

«ምን ነክቶሽ ነው?» አለኝ ወረቀቱን ሲያይ። «መጽሐፍ ስታውሺያት የኖርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«አዎ። በዚህ ጽሑፍ ላይ ግን የሠራሁት ሥራ መሰረዝ ነው» አልሁት። ሊስቅ ብሎ ተወው።

የበዓሉ ዕለት ከወላጆች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። እሷ አነበበች፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ ማይኩን ዝቅ አደረገላት። ሲጨበጨብ እኔም አጨበጨብሁ። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም፤ እጄ እያጨበጨበ ልቤ መድረኩ ላይ ያጣሁትን ቦታ ይለካ ነበር። ልጅቱ ስትወርድ ግን በእኔ በኩል አልፋ፣ «ቲቸር፣ አንቀጿ ተሰማች?» አለችኝ። ተሰማች አልኋት። እውነትም ከኋላ ያሉት ሁሉ ሰምተዋታል።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ከምታውቁት ጌም አንዲት ሴት ምረጡ፤ ያደረገችውን አንድ ከባድ ነገር በአንድ መስመር ጻፉ። ከሥሩ የሚያስመሰግናትን ምክንያት አስፍሩ። ከዚያ «አንድም» ብላችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ የምታፍሩበትን ምክንያት ጨምሩ። ሁለተኛውን ስትጽፉ እጃችሁ ቢከብድ፣ እባካችሁ አትሰርዙት።