እስከ አርባው፣ በቀን አንድ

ወንድሜ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ድንኳን ገብቶ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላት በቀስታ። በስብሰባ ላይ ይህን ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ።

«እስከ አርባው እንታገሣለን፣ ጓድ ተማሪ። በአርባው ማግስት ቁልፉን ታስረክባለህ።»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ወንድሜ ደባርቅ ውስጥ አስተማሪ ነበር። እኔ ከአገር ቤት፣ ከበየዳ መጥቼ ከእሱ ጋር እየኖርኩ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። ጋሼ ነበር የምለው። ከሞተ በኋላም ሌላ መጠሪያ አልመጣልኝም።

እናቴ በማግስቱ ዕቃውን ልታወጣ ተነሣች። መጀመሪያ ሱሪውን ያዘች። ልታጥፈው ስትል ከኪሱ ጠመኔ ወደቀ፤ የጥፍር ያህል ቁራጭ። አየችውና ራሷን ስታ ወደቀች። ውኃ አርከፈከፍንባት።

የነፍስ አባታችን ይህን ሰምተው መጡ።

«አንድ ላይ አታውጡት» አሉ። «በቀን አንድ ዕቃ። አንቺ ምረጪ፣ ልጅሽ ለቸገረው ያድርስ። የተቀበለው ነፍስ ይማር ይበል። አርባው ሲደርስ ዕቃውም ያልቃል፣ አንቺም ትለምጃለሽ።»

እንዲህ ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀን ባልዲውን ለአንዲት ውኃ ቀጂ ሰጠሁ። ነፍስ ይማር አለች። በሁለተኛው ቀን አንሶላ ሰጠሁ። ነፍስ ይማር። እናቴ አንዳንዱን ቀን ስትመርጥ ይረፍድባታል። አንድ ቀን የሻይ ማንኪያ አንሥታ ሰጠችኝ።

«እማ፣ በማንኪያ ከሄድን መቼ ልንጨርስ ነው?»

«ማንኪያስ ዕቃ አይደል? ሂድ፣ አትከራከረኝ።»

አንድ ማንኪያ ይዤ ከተማውን ዞርኩ። የሚቀበለኝ ሰው እያየኝ ይስቅ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። የሳቀ የለም።

በዚያን ጊዜ አንድ እምነት ይዤ ነበር። ሰው ሁሉ እንዴት ሞተ ብሎ ሲጠይቀኝ «ድንገት ነው» እላለሁ። እውነቴን ነበር። ጥቅምት ላይ ጎንደር ሄዶ ሐኪም ቤት ታይቶ ሲመጣ ጨጓራ ነው አለኝ። ጥር ላይ ክፍል ውስጥ ወደቀ። በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ይዘነው ስንወርድ ዳባትን አልፈን አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ እጄ ላይ ሞተ። ሳያውቀው ሄደ፣ ሳይፈራ ሄደ። እኔም እናቴም በዚህ ነበር የምንጽናናው። «እንኳን አላወቀ» ትል ነበር እናቴ፣ በቀን ብዙ ጊዜ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ይመስለኛል። እናቴ «ቡናማ ጫማው የታለ?» አለች። ለፋሲካ አድርጎት አገር ቤት መጥቶ ነበር። አልጋ ሥር አየን። ሣጥኑን ገለበጥን። የለም። ካፖርቱም የለም። ፔርሙሱ የለም። ስለ ሬዲዮው ጋሼን በሕይወት ሳለ ጠይቄው «ለማሠራት ሰጥቼዋለሁ» ብሎኝ ነበር።

«በለቅሶ ቤት ይሰረቃል?» አለች እናቴ። «እንደው እግዜርን አይፈሩም?»

ደሜ ፈላ። የዚያን ዕለት ዕጣ ሹራቡ ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ እንድሰጥ ነው የታዘዝኩት። ሽማግሌ ናቸው። ተማሪ እየወጣ ነበር፤ ደወሉን ደውለው በሩን ይዘው ቆመዋል። ሹራቡን ዘርግቼላቸው ጎንበስ ስል እግራቸውን አየሁ። ቡናማው ጫማ። በግራው ላይ ጋሼ ራሱ የሰፋው ጥቁር ክር አለ።

እንዴት ብዬ ልጻፈው? ያሳፍረኛል። ክንዳቸውን ይዤ «ሌባ!» አልኩ። አባቴ የሚሆኑትን ሰው አንተ አልኳቸው። «አውልቅ! የሞተ ሰው ጫማ ሰርቀህ!»

ተማሪው ከበበን። «ኧረ ልቀቃቸው!» ይላል አንዱ። «ዘበኛውን የሚጠብቅ ዘበኛ መጣ!» ይላል ሌላው፤ ሳቅ ሆነ።

ሽማግሌው አልታገሉኝም።  «ጨረስክ?» አሉኝ። «እኔ የሰው ዕቃ አልነካም፣ አንተ ልጅ። ራሱ ነው የሰጠኝ። ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ እዚሁ በር ላይ።»

«ምን ብሎ ይሰጥዎታል?»

«እኔም እሱን ነው የጠየቅኩት። አውልቆ ሰጠኝና በሸራ ጫማ ቆመ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥህ አልኩት። ዕድሜውን ይተዉትና ነፍስ ይማር ይበሉኝ አለኝ። ምነው መምህር፣ በቁምህ? ሟርት ነው አልኩት። ግድ የለም፣ ስባል ልስማው አለኝ።»

ክንዳቸውን ለቀቅኩ። መልቀቄንም አላወቅኩም፤ ሹራቡ መሬት ላይ ነበር።

«አሉት?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ? አልኩት።»

ሹራቡን አንሥተው አራገፉት። እኔ ብቻ አይደለሁም አሉኝ። ካፖርቱን ለአንድ ዓይነ ስውር ሰጥቷል። ፔርሙሱ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለችው ሻይ ሻጭ ዘንድ ነው። በቀን አንድ አንድ እያለ፣ ማንም ሳያይበት።

በሩጫ ሻይ ሻጯ ዘንድ ሄድኩ። ፔርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አፌን ሳልከፍት አወቀችኝ።

«ወንድምዬ፣ እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር» አለች። «ነፍስ ይማር በይኝ በይኝ ሲል፣ በል ነፍስህን ይማረው፣ ሥላሴን! ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ። ለልጁ እንዳትነግሪው አለኝ፣ ፈተና አለበት።»

ልጁ እኔ ነኝ።

ከዚያ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ወደ ድብ ባሕር የሚሄደው መኪና ሲጭን አየሁ፤ ሲሄድም አየሁ። ጎንደር ሐኪሞቹ ምን እንዳሉት ገባኝ። ከኅዳር እስከ ጥር ክፍሉ ባዶ እየሆነ ነበር፤ እኔ ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ ፊዚክስ አጠና ነበር። ብርድ ልብሱ አንድ ሲሆን አብረን እንተኛ፣ ይሞቃል አለኝ። እሺ አልኩ። ሌላውስ የት ሄደ አላልኩም። ሰው ቤቱን ዓይኔ እያየ ሲያፈርስ ወለሉ ሰፋ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። 

ለእናቴ ልንገራት፣ አልንገራት? ዝም ብል እንኳን አላወቀ እያለች ትጽናናለች። ግን ሌባ ብላ የሰፈሩን ሰው ልትረግም ነው። ደግሞ መዋሸት አልችልበትም፤ ገና በር ላይ ሳለሁ ፊቴን አይታ ተነሣች።

«ማነው የሰረቀው?»

«ማንም አልሰረቀም፣ እማ። ጋሼ ነው የሰጠው። ያውቅ ነበር።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ነፍስ ይማር በሉኝ ያለውንም። ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የተጠቀለለውን ፍራሽ ስታይ ቆየች።

«ያመው ነበር?» አለች።

ዞሬ በሩን ዘጋሁ።

«አጠገቡ አይደል የምትተኛው? ሲያመው ያቃስት ነበር ወይ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም፣ ልጄ?»

«እተኛ ነበር፣ እማ።»

አልተቆጣችኝም። እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፤ እንደዚያ ሆነን እስኪመሽ ተቀመጥን። በማግስቱ ጧት ፍራሹን አመለከተችኝና «ዛሬ እሱን» አለች። ከበደኝ፤ በአንድ በኩል እሷ ያዘችልኝ።